ሲበላሽ የሚጠየቅ ሰው

የካቲት 28 ቀን 2017፣ አርብ

ዛሬ አፌን ከፈትኩ። አሁን ቤት ተቀምጬ ሳስበው፣ ትንሽ ዝም ብል ምን ነበረበት እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጃችን የተማሪ ውጤት በኢንተርኔት የሚታይበት ሲስተም ያስፈልገዋል ከተባለ ቆይቷል። ከአዲስ አበባ የአንድ ድርጅት ሰዎች ከረባታቸውን አስረው፣ ፕሮጀክተር ይዘው መጥተው ሲያሳዩን ዋሉ። የሚያሳዩት ያምራል፣ አልዋሽም። ሲወጡ ዲናችን አቶ ኤርካሎ ወደ እኔ ዞሩና «ኤልሳዕ፣ የአይሲቲ ኃላፊ አንተ ነህ፤ ምን ትላለህ?» አሉኝ። ይሄን ሁሉ በኦፕን ሶርስ ራሳችን መሥራት እንችላለን አልኩ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ በነጻ ይገኛል፣ ትልልቅ ዌብሳይቶች የሚሠሩት በዚሁ ነው፣ ነገ ድርጅቱ ቢዘጋ እኛ አብረን አንዘጋም። ስናገር ራሴን ወደድኩት።

አቶ ኤርካሎ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ስለሆኑ ይሁን አላውቅም፣ ሲጠይቁ ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ይስተካከላል። «ባለቤት የሌለው ነገር ሲበላሽ ማንን እንጠይቃለን?» አሉ።

«እኔን ይጠይቁኝ» አልኩ።

ፈቀዱ። ዓመለወርቅም ደስ አላት። ፊት ለፊቴ ያለው ጠረጴዛ ላይ የምትሠራ ፕሮግራመር ናት፤ ኮንትራት ነች፣ ኮንትራቷ ሰኔ 30 ያልቃል። አቶ ኤርካሎ «ይሄ ከተሳካ ዓመለወርቅን ቋሚ እናደርጋታለን» ብለው በሁላችን ፊት ቃል ገብተዋል። ስለዚህ አሁን ሁለታችንም የተንጠለጠልነው እኔ በተናገርኩት ላይ ነው።

መጋቢት 5

ሶፍትዌር የመምረጥ ሳምንት። ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ሥርዓት ሊኑክስ ይሁን በሚለው አልተጣላንም። ገጹን ለተማሪው ስልክ የሚያደርሰው ዌብ ሰርቨር አፓቼ ይሁን ኤንጂንክስ በሚለው ግን ከሰዓቱን ሙሉ ተከራከርን። ኤንጂንክስ ያለችው ዓመለወርቅ ናት፣ እሷ አሸነፈች። ኢንተርኔታችን ደካማ ስለሆነ ቀለል ያለው ይሻላል የሚለው ምክንያቷ ልክ ነው።

መዝገቡ በሚቀመጥበት ዳታቤዝ ላይ ግን አልለቀቅኩላትም። እሷ ፖስትግሬስ አለች፣ እኔ ማሪያዲቢ። ሌሊቱን ስታነብ አድራ ነው መሰለኝ ምክንያቶቿን በወረቀት ይዛ መጣች። የእኔ ምክንያት አንድ ነው፤ የማውቀው እሱን ነው። እንደዚያ ብዬ ግን አልተናገርኩም። «ብዙ ቦታ የተፈተነ ነው» አልኩ። እሱም እውነት ነው፤ ሁለቱም የተፈተኑ ናቸው።

ማታ ለኢየሩሳሌም ነገርኳት። ባለቤቴ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነች፣ ነገር ታጠራለች። «ታዲያ የማውቀው ይሄን ነው ብትላት ምን ትሆን ነበር?» አለችኝ። ምንም አልሆንም ነበር። ግን ኃላፊ እኮ ነኝ።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ተከፈተ። ሠራ። ልጆቹ በስልካቸው ውጤታቸውን አዩ። ስማቸው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቁጭ ብሏል። ግቢው ውስጥ ስልክ ያልያዘ አልነበረም፤ ሁሉም ስክሪን ሹት እያነሳ በቴሌግራም ሲላላክ ዋለ። አንዷ «ጋሼ፣ እናቴ ገሱባ ሆና አየችው» አለችኝ። የእኔም እናት እዚያው ገሱባ ከተማ ነው የምትኖረው።

ከዚህ ዓመት ጀምሮ ምዝገባውም በዚሁ ነው። ሁሉም ተማሪ አዲስ ተመዝግቧል፣ የወረቀት ፎርም ቀርቷል፣ የድሮውም ተወግዷል። ይሄም የእኔ ሐሳብ ነበር። ሬጅስትራሯ ወይዘሮ አሳየሽ ባዶ መደርደሪያዋን እያሳየች ትስቃለች።

ተከፈተ ሲባል ደስታዬ ሙሉ መሆን ነበረበት። ከሰዓት ጀምሮ ግን የማስበው ነገ ቢቆምስ የሚለውን ነው።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ባክአፕ ሠራን። በየምሽቱ የዳታቤዙ ቅጂ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል። የማስገልበጫውን ትእዛዝ ከድሮ መሥሪያ ቤቴ ይዤው የመጣሁት ነው፤ እዚያ ለዓመታት ያለ እንከን ሠርቷል። እዚያ ሁሉ ነገር በእንግሊዝኛ ነበር። እኔ እያነበብኩላት ዓመለወርቅ ጻፈችው፤ ኪቦርዱ ላይ እሷ ስለነበረች የተመዘገበው በስሟ ነው።

ከዚያ ሞከርነው። ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ ስክሪን ላይ ፊደል መጻፍ ስለማይመች በወላይትኛ፣ በላቲን «ሳሮ» ብዬ አንድ መዝገብ አስገባሁ። እናቴ በር ላይ ስትቀበለኝ የምትለኝ ነው፤ ሰላም ማለት። አጠፋሁት፣ ከባክአፑ መለስኩት፣ «ሳሮ» ብሎ ተመለሰ። በቃ አልኩ። ወይዘሮ አሳየሽም ልታይ መጥታ ነበርና አጨበጨበችልን።

ዓመለወርቅ ግን ወደታች እየወረደች የተማሪዎቹን መዝገብ ታያለች። «ኤልሳዕ፣ ይሄ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ምንድነው?»

«ስክሪኑ ነው። ጥቁሩ ስክሪን ድሮም ፊደል አያሳይም።»

«እሱማ ሳጥን ሳጥን ነው የሚያደርገው። ይሄ ሳጥን አይደለም እኮ።»

«አንቺ ደግሞ ስክሪኑን ሀሁ ልታስቆጥሪው ነው እንዴ?» አልኳት።

ወይዘሮ አሳየሽ ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ሳምንቱም ከብዶን ስለነበር ሳቅ ያስፈልገን ነበር። ዓመለወርቅ ስክሪኑን ዘጋች።

ግንቦት 15

የሶፍትዌሩ የደህንነት ማስተካከያ ወጥቷል። ልጫን? ብጭነውና አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ቢጣላስ? ባልጭነውና ሰው ቢገባብንስ? ዛሬም አልጫንኩም። ነገ።

ግንቦት 16

ጫንኩት። ምንም አልሆነም። ትናንት ያን ያህል ለምን ፈራሁ።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

ዩፒኤሱ ይጮሃል። ባትሪው አርጅቷል። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን ይዞ የሚቆየው አንድ ሰው ከወንበሩ እስኪነሳ ያህል ነው። ግዢ ክፍል ጠየቅኩ፣ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ተባልኩ።

ሻይ ቤት ከሒሳብና ፋይናንስ ክፍል የሚሠሩ ሁለት ልጆች ከጀርባዬ ሆነው ሲያወሩ ሰማሁ። «በነጻ ነው አሉ ያመጣው።» «አይ፣ በነጻ ጥሩ ነገር የታለ?» አንዱ አየኝና ወሬ ቀየረ። ዞር ብዬ ባስረዳቸው ደስ ባለኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ነው የወጣሁት።

የዳሞታ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ በደመና ተሸፍኗል። ድሮ ይሄን ሳይ ዝናብ ነው የማስበው፤ አሁን የማስበው መብራት ነው።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ከባድ ዝናብ። መብረቅ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ሰርቨሩ አልነሳም አለ። ዲስኩ ይንኳኳል። ዓመለወርቅ የለችም፣ እናቷን ይዛ ኦቶና ሆስፒታል ናት። ልጆች በር ላይ ናቸው። ሲስተም የለም እላለሁ። ሲስተም የለም። ሲስተም የለም።

ጌታ ሆይ።

ሰኔ 4

ዲስኩ ሞቷል። ግን ባክአፕ አለን። ለዚህ እኮ ነው የሠራነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ እየጫንኩ ነው። ቁርስ አልበላሁም።

በዚያው ቀን፣ ማታ

መለስኩት። ተነሳ። ውጤቱ አለ፣ የእንግሊዝኛ ስሙ አለ። ደስ ብሎኝ የአማርኛውን ገጽ ከፈትኩ።

የጥያቄ ምልክት ነው። ከላይ እስከታች፣ የሁሉም ተማሪ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። አሁን ጥቁሩ ስክሪን ላይ አይደለሁም፤ በስልኬም አየሁት፣ በወይዘሮ አሳየሽ ኮምፒውተርም አየሁት። ሁሉም ያው ነው። ስክሪኑ አልነበረም። ፊደል ማሳየት ያቃተው ስክሪን ሳጥን ነው የሚያሳየው፤ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ፊደሉ ራሱ ጠፍቷል ማለት ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። የማስገልበጫው ትእዛዝ ውስጥ አንድ ቃል አለ፤ የላቲን ፊደል ብቻ ገልብጥ ይላል። ሶፍትዌሩ የታዘዘውን ነው የሠራው። ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ፣ በየምሽቱ፣ የልጆቹን ስም ወደ ጥያቄ ምልክት ሲቀይር ከርሟል። «ሳሮ» የዳነው በላቲን ስለጻፍኩት ነው።

ምረቃው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ዲፕሎማው በሁለቱም ቋንቋ ነው የሚታተመው። ከእንግሊዝኛው ገምቶ መጻፍ አይቻልም፤ አንድ ፊደል የተሳሳተበት ልጅ ሥራ ለመቀጠር ሲል ዕድሜውን ሙሉ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ነው የሚኖረው። ወረቀት እንዳንል ወረቀቱን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ኢየሩሳሌም ምን ሆነሃል አለችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት።

ሰኔ 6፣ አርብ

አቶ ኤርካሎ ቢሯቸው ጠሩን፣ እኔንና ወይዘሮ አሳየሽን። ዓመለወርቅ ገና ከኦቶና አልተመለሰችም። የጠፋውን ነገርኳቸው። ሰሙና «ባክአፕ የምትሉትን የሠራው ማን ነው?» አሉ።

ወይዘሮ አሳየሽ «ዓመለወርቅ ነበረች መሰለኝ የጻፈችው፤ ኪቦርድ ላይ እሷ ነበረች፣ አይቻለሁ» አለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ያየችውን ነው የተናገረችው።

አቶ ኤርካሎ ወደ እኔ አዩ። በዚህ መሐል ፀሐፊዋ ገባች፣ ስልክ መጣ፣ የሚፈረም ነገር መጣ። ከዚያ ወሬው ስለ ምረቃው ሆነ። መሐል ላይ ገብቶ ወደኋላ መመለስ አመቺ አልነበረም።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ዓመለወርቅ ተመለሰች። እናቷ ደህና ናቸው። ገጹን ከፍታ ረጅም ጊዜ አየችው። «ሳጥን አይደለም» አለች፣ ለራሷ ነው እንጂ ለእኔ አይመስለኝም። ከዚያ ወንበሯን ሳበችና «ግንቦት ላይ ሁሉም ስክሪን ሹት አንስተው ነበር አይደል?» አለችኝ።

እኔ እስካሁን ለምን አልመጣልኝም? ስማቸው በየስልካቸው ውስጥ አለ። በየክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ማስታወቂያ ለቀቀች፤ ግንቦት ላይ ያነሳችሁትን ላኩልኝ ብላ። እስከ ምሳ ድረስ ስልኳ መጮህ አላቆመም።

አቶ ኤርካሎ ከሰዓት ለብቻዋ አስጠሯት። ስትመለስ ምን አሉሽ አልኳት። «ማን ጻፈው አሉኝ። ኪቦርዱ ላይ እኔ ነበርኩ አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሌላውን አንተ ታውቀዋለህ» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ሰኔ 14

ስም እንሰበስባለን። የሚልኩት ግማሹ ደብዛዛ ነው፣ ግማሹ ላይ የራሳቸው ፎቶ ተለጥፎበታል፣ አንዱ ልብ ሥሎበታል። ስልክ የጠፋበት አለ፣ የሸጠ አለ። ለእነሱ ደውለን ፊደል በፊደል እናስነግራቸዋለን። ዓመለወርቅ አንድ ልጅ «ፀሐዩ ፀ ነው ጸሎቱ ጸ?» ስትለው «እህቴ፣ የቱም ይሁን ብቻ አስመርቁኝ» አላት። ሳቀች። ሰሞኑን ስትስቅ የሰማኋት ይሄኔ ብቻ ነው።

ከእኔ ጋር ትሠራለች፣ ቁርስ ስታመጣ ለእኔም ታመጣለች። ይሄ ደግሞ ይብሳል። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለአቶ ኤርካሎ እነግራቸዋለሁ። ስሙ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ። ነገሩ ሲስተካከል መንገር ይቀላል፣ ለእሳቸውም ሐሳብ አይሆንባቸውም።

ሰኔ 15፣ እሁድ

አምልኮ ላይ አቶ ኤርካሎ ጸለዩ። ስለ እውነተኛ ምላስ ነው የጸለዩት ወይስ እኔ ነኝ እንደዚያ የሰማሁት? ሌላ ጊዜ ከፊት ነው የምንቀመጠው፤ ዛሬ ከምሰሶው ጀርባ ተቀመጥኩ። ኢየሩሳሌም ለምን እዚህ አለች። ነፋስ አለው አልኳት። እዚያም እዚህም ነፋስ አልነበረም።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ስሞቹ ሊሞሉ ትንሽ ቀራቸው። አቶ ኤርካሎ በኮሪደር ሲያልፉ «የኮንትራት ሠራተኞች ግምገማ በዚህ ሳምንት ይጠናቀቃል። ስለ ዓመለወርቅ የምትለኝ ነገር አለ?» አሉኝ። ቆመው ጠበቁ። ከኋላቸው ሁለት መምህራን ነበሩ።

«ጎበዝ ሠራተኛ ናት» አልኩ።

«እሱን አውቃለሁ» አሉና ሄዱ።

ነገ ጠዋት ቢሯቸው እገባለሁ። ቆርጫለሁ። ለኢየሩሳሌምም ዛሬ ሁሉን ነገርኳት። ሰምታ ስታበቃ ሸሚዜን አምጥታ መተኮስ ጀመረች።

ሰኔ 25

ስብሰባ ላይ ነበሩ። እስከ ምሳ ጠበቅኩ። ከሰዓት በር ላይ ሰው በዝቶ ነበር።

ሰኔ 26

ዛሬ ልነግራቸው ስነሳ የሰርቨሩ ኢንተርኔት ተቋረጠ። መተው አይቻልም ነበር። ዓመለወርቅ እኔ አየዋለሁ፣ ጉዳይ ካለህ ሂድ ብላኝ ነበር። ግን ኃላፊነቱ የእኔ ነው።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

አቶ ኤርካሎ ለቅሶ ገሱባ ሄደዋል፣ የአጎታቸው ልጅ አርፎ። ሰኞ ነው የሚመለሱት። ኢየሩሳሌም «ደውልላቸው» አለችኝ። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው በእንዲህ ያለ ነገር አይደወልለትም። ደግሞ መንገዱም አስቸጋሪ ነው፣ ኔትወርክም እንደልብ አይደለም። ስልኬን ሦስት ጊዜ አነሳሁት። በሦስተኛው ጊዜ ኔትወርክ ነበር።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ለዓመለወርቅ ደብዳቤ ደረሳት። ኮንትራቱ በጥንቃቄ ጉድለት ምክንያት አይታደስም ይላል። ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብላ አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ የቀሩትን ስሞች ማስገባት ቀጠለች። ሰዓቱ ደርሶ ሰው ሁሉ ሲወጣ እሷ የመጨረሻውን ልጅ እያስገባች ነበር። «አለቀ፤ አንድም የጥያቄ ምልክት የለም» አለችኝ።

በእውነቱ አፍሬአለሁ። ይሄን የምጽፈው ማንም የማያየው ቦታ ላይ መሆኑም ያሳፍራል።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ነገርኳቸው።

ስብሰባ ነበር። የአዲስ አበባው ድርጅት በድጋሚ ይጠራ የሚል አጀንዳ ተይዞ፣ ወይዘሮ አሳየሽም የሒሳብና ፋይናንስ ኃላፊውም ነበሩ። አጀንዳው ሳይከፈት እጄን አነሳሁ። ትእዛዙን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ዓመለወርቅ እኔ ያነበብኩላትን ነው የጻፈችው፤ የጥያቄ ምልክቱን አይታ ጠይቃኝ ነበር፣ እኔ ስቄ ዘጋሁባት አልኩ። 

ወይዘሮ አሳየሽ አንገቷን ደፋች። «እኔም ስቄያለሁ» አለች ቀስ ብላ።

አቶ ኤርካሎ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰኔ 6 እዚሁ ወንበር ላይ ነበርክ። በኮሪደርም ቆሜ ጠብቄህ ነበር። ለምን ዛሬ?»

መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ስብሰባው፣ ስለ ለቅሶው፣ ስለ ኔትወርኩ። ሁሉም እዚህ ደብተር ላይ ሲጻፍ ያምር ነበር። እዚያ ግን አንዱም አልወጣኝም። «ፈርቼ ነው» አልኩ።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ፋይሌ ውስጥ ገባ። የአዲስ አበባውን ድርጅት ነገር ሲያነሱባቸው «ሶፍትዌሩ ምን አጠፋ?» ብለው አጀንዳውን ዘጉት። ለዓመለወርቅ ሌላ ደብዳቤ ያኔውኑ አስጻፉ፣ ቋሚ ቅጥር። አድርስላት ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ሌላ ሰው ሊልኩ ይችሉ ነበር።

ሐምሌ 3

ዓመለወርቅን መናኸሪያ አጠገብ አገኘኋት፣ ዕቃ ልትገዛ መጥታ ነበር። አንድ ዳስ ሥር ቆምን፣ ያካፋል። ደብዳቤውን ሰጠኋት፣ የተናገርኩትንም ነገርኳት። አነበበችው። ደስ አላት፣ ፊቷ ላይ አየሁት።

«አመሰግናለሁ። ስሜ መጽዳቱ ጥሩ ነው» አለች። «አልመለስም ግን። አረካ ከተማ አንድ ድርጅት ሰው ይፈልግ ነበር፣ ትናንት እሺ ብያቸዋለሁ።»

«ቃልሽን ሰጥተሻል?»

«ሰጥቻለሁ።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ባጃጆቹ ይጮሃሉ፣ ደግሜ ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ፣ ሰው ዞር ብሎ አየን።

«ስለ ኪቦርዱ አልተቀየምኩህም» አለች። «ማንም ሊሳሳት ይችላል፤ እኔም ያንን ቃል ሳልመረምር ነው የጻፍኩት። የከፋኝ ሌላ ነው። ጠየቅኩህ፣ ሳቅክብኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ስትልም ያው ሳቅ ነው የሚሰማኝ።» ቦርሳዋን አስተካከለች። «አላውቅም ብትለኝ እኮ አብረን እናየው ነበር።»

ሚኒባሷ መጣች። ለእናትሽ ሰላም በይልኝ አልኳት። እሺ አለች።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ምረቃ። ስም ሲጠራ ከኋላ ቆሜ ነበር። እያንዳንዱ ስም እስኪያልቅ ትንፋሼን እይዛለሁ። ማንም አልተዘለለም፣ ማንም ይሄ የእኔ ስም አይደለም አላለም። የዚያ «የቱም ይሁን» ያለው ልጅ ቤተሰብ ከአንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው ጋር መጥቶ እልል ሲል ሜዳው ተናጋ። ልጁ አላወቀኝም። የሚያውቀው የዓመለወርቅን ድምፅ ነበር።

ጠረጴዛዋ ላይ አዲስ ሰው ገና አልተቀጠረም። የሻይ ብርጭቆዋን ረስታዋለች። አላነሳሁትም።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

በየወሩ አንድ ቅዳሜ ባክአፑን ወደ ባዶ ኮምፒውተር እመልሳለሁ ብዬ ለራሴ ደንብ አውጥቻለሁ። ዛሬ የመጀመሪያው ነበር። ሰው የለም፣ ዝናብ ብቻ። አዲሱ ዩፒኤስ አይጮህም።

የሙከራ መዝገብ አስገባሁ። በላቲን አይደለም። የፊደል ኪቦርዱን ከፍቼ «ዓመለወርቅ» ብዬ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት፣ መለስኩት። ስሟ ሙሉ ሆኖ ተመለሰ። ደስ አለኝ፣ ደግሞም ከፋኝ። ገጹን ስክሪን ሹት አንስቼ በቴሌግራም ላኩላት። ከዚያ ቀን በኋላ ተጻጽፈን አናውቅም።

አየችው። ብዙ ቆይታ መለሰች። «ጎበዝ። የተማሪዎቹ ፎቶስ? እሱም ይመለሳል?»

በእርግጥ ብዬ ጻፍኩ። ሳልልከው አቆምኩ። ሰኔ ላይ ለዲፕሎማው ብለን አዲስ ያስገባናቸው ፎቶዎች ዳታቤዙ ውስጥ አይደሉም፣ ለብቻቸው ነው የሚቀመጡት፤ እነሱንም ያስገለበጥኩ ይመስለኛል። ይመስለኛል። 

የጻፍኩትን አጠፋሁና «አላውቅም፣ አሁን ልየው» ብዬ ላኩ።

አየሁ። የሉም። አንድም ፎቶ አልተገለበጠም። ቁጭ ብዬ ትእዛዙን ጨመርኩ፣ አስገለበጥኩ፣ መለስኩ፤ ፊታቸው አንድ በአንድ ወጣ። ለዓመለወርቅ «አልነበረም፣ አሁን አለ» ብዬ ጻፍኩላት። «በል እንግዲህ» አለችኝ፤ ከሥሩ ፈገግታም ልካለች።

ከዚያ ለአቶ ኤርካሎ ደወልኩ። ቅዳሜ ነው፣ ቤት ናቸው፣ እንግዳ አለባቸው፣ ከጀርባ የሕፃን ድምፅ ይሰማል። ሰኞም ይደርስ ነበር።

«ኤልሳዕ፣ ምን ጠፋ?» አሉ ገና ሲያነሱት።

«ምንም አልጠፋም። የተማሪዎቹ ፎቶ ባክአፕ ውስጥ አልነበረም፤ ረስቼው ነበር። ዲስኩ ዛሬ ቢሞት ኖሮ ይጠፋ ነበር። ዓመለወርቅ ናት የጠየቀችኝ። አሁን ገብቷል።»

ሕፃኑን አንድ ነገር አሉት። «እሺ» አሉ ቀጥለው፣ «ሌላስ?»

«ሌላ እንዳለ አላውቅም። ገና እያየሁ ነው» አልኳቸው።